እማማ አንጓችና የዋንዛው ከበሮ

ከዲማ መጥቼ ይጁቤ አጠገብ ባለች ደብር ከበሮ መምታት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ከበሮው ከአንድ ወጥ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ ስለሆነ ሲመታ አገር ይሰማዋል፤ ሰውም እጄን ያደንቅልኛል። እማማ አንጓች የሚባሉ አሮጊት ግን የሚያስቀድሱት ከበሮ በማይመታበት በሁዳዴ ብቻ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ድራሻቸው ይጠፋል። ነገሩ ከነከነኝና አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቅኋቸው።

«እማማ፣ አመታቴ አስቀየመዎት እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣህ! ዋንዛውንም አስቆርጬ ለታቦቱ የሰጠሁት እኔው ነኝ።»

«ታዲያ በበዓል ለምን ይቀራሉ?»

እጄን ይዘው አገላብጠው አዩት።

«አንድዬ ልጄ ፍሬውን ሊለቅም ወጥቶ፣ ከላዩ ወድቆ ሞተብኝ። አንተ ድው ባደረግኸው ቁጥር፣ ሲወድቅ እሰማዋለሁ።»