ነብር ለማየት ህንድ ልሄድ ስል

ባለ መስመሩን የህንድ ነብር በዱሩ ለማየት ስመኝ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ዘንድሮ ከሮም ተነስቼ ሁለት ብሔራዊ ፓርኮች ልጎበኝ ቲኬት ቆረጥኩ፤ ቪዛዬ ወጣ፤ ባይኖኩላር ገዛሁ። ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ። ስህተቴ ቪያ ቮልቱርኖ የሚባለው መንገድ ላይ ያለ የአበሻ ምግብ ቤት ገብቼ “ህንድ ልሄድ ነው” ብዬ ማውራቴ ነው።

አበሻ ህንድ የሚሄደው ለሕክምና ነዋ! የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ አልማዝ በማግስቱ ጸበል ይዘው ቤቴ መጡ።

“ልጄ፣ ኩላሊትህ ነው?”

“ኧረ እትዬ፣ ነብር ለማየት ነው!”

“እኔን እንኳ ትደብቀኛለህ?” ብለው አለቀሱ።

ቅዳሜ ደግሞ በሬ ተንኳኳ። ብርቱካን ይዞ የቆመው ታደሰ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረናል፤ ህንድ ሄጄ ስለ ነብር የማጠናበትን ስኮላርሺፕ የወሰደብኝ እሱ ነው። ያኔ አቤት ብል “ማስረጃህ የታለ?” ተብዬ ተመለስኩ። ሁለታችንም ሮም እየኖርን ሰላምታ እንኳ የለንም።

“ሳትሄድ ይቅር በለኝ” አለኝ ብርቱካኑን እያቀበለኝ። “አንደኛ የወጣኸው አንተ ነህ። ስምህን ያሰረዘው አጎቴ ነው።”

“ኧረ እኔ ደህና ነኝ” ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ሳልኩና ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበልኩት።

“ይህንኑ ጻፈው፣ ወንድሜ” አልኩት ደከም ባለ ድምፅ። “ፊርማህንም እንዳትረሳ።”