መበጠስ ያለበት ክር

የመብረሪያው ክንፍ ሰቆጣ የገባው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ በሸራ ተጠቅልሎ፣ በሁለት የሽንኩርት ጆንያ መሃል ታስሮ ነው። ከአውቶቡሱ ኋላ አልፎ ይወጣ ስለነበር ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስረውበታል። ባለቤቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የፊዚክስ መምህር ነው። አዲስ አበባ ይኖር የነበረ አንድ የውጭ ሰው አገሩ ሲመለስ ሸጠለት፤ ከመሸጡም በፊት መብረር አስተምሮታል።

እኔ የውሃ ፓምፕና የባጃጅ ሞተር እጠግናለሁ። ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ ፈትቼ እየገጠምኩ፣ ስልክ ላይ እያነበብኩ ነው የለመድኩት። መምህሩ ሱቄ የመጣው ክንፉ የራሱ ሞተር ስለሌለው ነው። ሰው ከሥሩ በመታጠቂያ ተንጠልጥሎ ይበርበታል፤ ለመነሳት ግን ወይ ከተራራ ጫፍ ሮጦ መዝለል፣ ወይ ሜዳ ላይ ቆሞ በረጅም ገመድ መጎተት አለበት። የእኛ ተራሮች ከሥራቸው ማረፊያ ሜዳ የላቸውም፤ ገደል ነው። ከተከዜ በኩል የሚወጣው ነፋስም ገደሉ ላይ ሲደርስ ይገለባበጣል። ስለዚህ መጎተት ነበረበት። መጎተቻውን ማሽን እንድሠራለት ጠየቀኝ።

ከአሮጌ የባጃጅ ሞተርና ከአንድ የመኪና ቸርኬ ሠራሁት። ሞተሩ ቸርኬውን ያዞራል፣ ቸርኬው ገመዱን ይጠቀልላል፣ በገመዱ ማዶ ያለው ሰው ክንፉን ተሸክሞ ጥቂት ሮጦ ይነሳል። ይህ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የፈጀብኝ። ሁለት ወር የፈጀብኝ ከክንፉ ጋር የመጣውን፣ ስለ መጎተቻ ዕቃዎች ደህንነት የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ ማንበብ ነው። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። መዝገበ ቃላት ይዤ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየፈታሁ፣ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ወደ አማርኛ ገለበጥኩት። ገመዱ ላይ ቋጠሮ አይኑር። በማሽኑ አጠገብ ሁልጊዜ የተሳለ መጥረቢያ ይቀመጥ፤ ሞተሩ አልጠፋ ካለ ገመዱ ይቆረጣል። አብራሪው ገመዱን የሚለቅበት መንጠቆ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ገመዱ ተወጥሮ ሦስት ጊዜ ይሞከር።

ብዙ ቀን የያዘኝ አንድ ገጽ ነበር። በገመዱና በአብራሪው መካከል ከሌላው ሁሉ የደከመ አንድ ቁራጭ ይግባ ይላል። ስተረጉም የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ክንፉ አየር ላይ ወደ ጎን ቢያጋድልና ማሽኑ መጎተቱን ቢቀጥል፣ ገመዱ ክንፉን አዙሮ በአፍንጫው መሬት ላይ ይተክለዋል። የአብራሪው እጅ መንጠቆው ላይ ላይደርስ ይችላል። ማሽኑ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው የቆመው። ስለዚህ ማንም ሳያዘው በራሱ የሚበጠስ ነገር ያስፈልጋል። ደብተሬ ላይ «መበጠሻ» ብዬ ጻፍኩት።

መበጠሻው የሚበጠስበት ክብደት ከአብራሪውና ከክንፉ ድምር ብዙ መራቅ የለበትም። መምህሩን፣ ክንፉን፣ መታጠቂያውንና ሄልሜቱን በወፍጮ ቤት ሚዛን መዘንኩ። ከአንድ ኩንታል ሁለት ኪሎ ጎደለ። ከዚያ የጆንያ መስፊያ ሲባጎ እየደረብኩ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ ካለው ወይራ ላይ እያንጠለጠልኩ፣ የማሽላ ጆንያ እየጨመርኩ ሞከርኩ። አራት ድርብ ቶሎ ይበጠሳል። ስምንት ድርብ አልበጠስ አለ። ስድስት ድርብ ሰባ አምስት ኪሎውን ይይዝና ከኩንታል ትንሽ አለፍ ሲል ጠብ ይላል። ስድስት ድርብ ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት።

ለገመዱ ሥራ የእናቴን ወንድም ለመንኩ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ለአህያና ለበቅሎ የሚሆን የጠፍር መጫኛ ይሠራሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን የገደል ማር ቆራጮች በሚወርዱበት ገመድ ነው። ያ ሥራ ልማድ አለው። ቆራጩ ከመውረዱ በፊት ገመዱን የሠራው ሰው አፋፉ ላይ ራሱ ይንጠለጠልበታል። ቆራጩ ወርዶ እስኪወጣም ከቦታው አይነሳም። ገመዱ ቢበጠስ፣ ሰው ባይጎዳ እንኳ፣ ዳግመኛ ማንም አያሠራውም። አጎቴ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም አልተበጠሰባቸውም።

የገዛነው የናይለን ገመድ ሁለት ቁራጭ ነበር። ያለ ቋጠሮ አንዱን በሌላው ውስጥ እየሰኩ ቀጠሉት፤ መገጣጠሚያውን በጣቴ ፈልጌ አጣሁት። መበጠሻውን ሳሳያቸው ግን ገለባበጡት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«መበጠሻ ናት፣ አጎቴ። መጎተቱ ሲበዛ እሷ ትበጠሳለች።»

«ሰው ተንጠልጥሎበት?»

«አዎ።»

 በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አሉ። ሲናደዱ በኽምጣኛ ነው የሚናገሩት። ሰምቻለሁ፤ አልጽፈውም።

ለመብረር ከአስተዳደሩ ደብዳቤ አወጣን። ከጦርነቱ ወዲህ ሰማይ ላይ የሚታይ ነገር ሰውን ያስደነግጣል፤ ስለዚህ ቅዳሜ የሚታየው የመምህሩ ክንፍ ነው፣ አትደንግጡ ተብሎ ከቅዳሴ በኋላ በየአጥቢያው ተነገረ። መነገሩ የከተማውን ግማሽ ሜዳው ላይ አመጣብን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ጊዜ በሰላም ተነስቶ አረፈ። በሦስተኛው፣ ገና ከቤት ጣሪያ ብዙም ሳያልፍ፣ ነፋስ መታውና መበጠሻው ተበጠሰ። መምህሩ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ጥቂት ሮጦ ቆመ። መሆን ያለበት ሁሉ እንደ ደብተሬ ሆነ። ሕዝቡ ግን ያየው ገመድ ሲበጠስ ነው። ከማሽኑ ሮጬ ስደርስ፣ ከአጎቴ ጋር አብሮ ያደገ አንድ ማር ነጋዴ ከመሃል ጮኸ።

«አንተ! የሰማዩ ገመድህ ተበጠሰ እኮ!»

«የእኔ አይደለም» አሉ አጎቴ።

«ታዲያ የማን ነው? የመድኃኔ ዓለም ነው? ከእንግዲህ ፍየሌንም በአንተ ገመድ አላስር!»

ሰው ሳቀ። መምህሩም ሄልሜቱን እያወለቀ ሳቀ። እኔ የተበጠሰውን ጫፍ እየለካሁ ስለነበር ለአጎቴ አንድ ቃል አልተናገርኩላቸውም። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሳምንቱን ሙሉ ገበያ በወጡ ቁጥር ስለ ፍየሏ ሲጠይቋቸው እንደ ሰነበቱ የሰማሁት ኋላ ነው።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ አሥር መበጠሻ ሠርቼ፣ ሦስቱን በጥሼ፣ ሰባቱን በከረጢት አድርጌ ሐሙስ ዕለት ለአጎቴ ሰጠኋቸው። ክንፉ በሚነሳበት በኩል ቆመው ገመዱን የሚያያይዙት እሳቸው ነበሩ። ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ከከረጢቱ አንዱን አውጥቶ መበጠስ የእኔ ደንብ ነው። መጽሐፉ በዚህ ልክ አያዝዝም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሜዳው ዳር ካለችው ግራር ላይ አንጠለጠልኩና ጆንያ መጫን ጀመርኩ። ሰባ አምስት ያዘ። ኩንታል ያዘ። ኩንታል ከሃያ አምስት ያዘ። ሌላ ጆንያ አልነበረኝም። ጆንያዎቹ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። አሁንም ያዘ።

አውርጄ በቢላ ሰነጠቅኩት። ከሲባጎው መሃል የክብሪት እንጨት የምታህል የጠፍር ፈትል ገብታለች። ሲባጎው እንደ ነበረ በላዩ ተመልሶ ተገምዷል። ዓይን አይለየውም። እንዲህ አድርጎ የሚሠራ እጅ በሰቆጣ አንድ ብቻ ነው። የቀሩትን ስድስቱን ሰነጠቅኩ። በሁሉም ውስጥ አለች።

መምህሩ መታጠቂያውን አጥብቆ፣ ክንፉን በትከሻው ተሸክሞ ቆሟል። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ ሁለት የአስተዳደር ሰዎችና ተማሪዎች መጥተዋል። ነፋሱ ጥሩ ነበር።

«ዛሬ አይበረርም» አልኩት።

«ለምን?»

የተሰነጠቀውን አሳየሁት። አየው፤ አጎቴንም አየ።

«መንጠቆው በእጄ ነው። ቢያጋድል እለቃለሁ። አንድ ዙር ብቻ።»

«ቲቸር፣ መንጠቆው ላይ እጅህ ባይደርስስ?»

«ይደርሳል። ሰው ጠርተን እንዴት እንመልሳለን? ሂድ ሞተሩን አስነሳ።»

አስተምሮኛል፤ በዕድሜም ይበልጠኛል። ክርክር አልችልም። ስለዚህ ዞሬ ወደ ማሽኑ ሄድኩ። ግማሽ ኪሎ ሜትሩን በእግሬ ስሄድ ሁሉም ሞተሩን ላስነሳ የሄድኩ መስሏቸው ዝም ብለው ጠበቁ። ሞተሩ ያለ እሱ የማይነሳበትን ካንዴላ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና ያንኑ መንገድ ተመለስኩ።

«ምን ሆነ?» አለ መምህሩ።

ካንዴላውን አወጣሁለት። ፊቱ ቀላ። ተማሪዎቹ ፊት አንድ ክፉ ነገር ሊናገረኝ ነበር፤ ዋጠው። ክንፉን ከትከሻው አወረደ። ሕዝቡ እያጉረመረመ ተበተነ። ማር ነጋዴው «ዛሬ ደግሞ ሳይነሳ ተበጠሰ!» ሲል ሰማሁ።

ከአጎቴ ጋር አቀበቱን ይዘን ወደ ከተማ ወጣን። አህያቸው ጆንያዎቹን ይዛ ከፊት ትሄዳለች። 

«ሰው ፊት አዋረድከኝ» አሉ።

«አጎቴ፣ ያንን ይዞ ቢነሳ ሊሞት ይችል ነበር።»

«ሰው የሚሞተው ገመድ ሲበጠስ ነው። እኔ አንጠልጥዬ አውርጄ አውጥቻለሁ። አንተ የምትለኝን ከወረቀት ነው ያገኘኸው።»

«ማር ቆራጩን ገመድዎ ይይዘዋል፤ ቢለቀው ይወድቃል። ይሄኛውን የሚይዘው ክንፉ ነው። ገመዱ ቢለቀው አይወድቅም፤ እየተንሳፈፈ ይወርዳል። ገመዱ የሚገድለው አልለቅ ሲል ነው።»

 መንገዱ ጠበብ የሚልበት ቦታ ላይ አህያዋን ለማሳለፍ ቆሙ። በግራችን ሸለቆ ነው። ወደ ታች አዩ።

«ጨው እናመላልስ በነበረ ጊዜ» አሉ፤ በወጣትነታቸው በበቅሎ ጨው ያመጡ ነበር። «በቅሎዎቹን እርስ በርስ አስረን ነው የምንነዳው። እንዲህ ያለ ቦታ ስንደርስ ግን መጫኛውን ፈትተን በሣር ጉንጉን እናስራቸው ነበር።»

«ለምን በሣር?»

«አንዷ ብትንሸራተት ሌሎቹን ይዛ እንዳትሄድ ነዋ!» አሉ በቁጣ፤ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቄ አናዷቸው ነበር። ቀጥለው አንድ እግራቸውን አንስተው ሳያሳርፉ ትንሽ ቆዩ። «ሣሩን ማወፈር ደግሞ ነውር ነበር» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለአህያዋ የተናገሩ ይመስል ነበር።



መምህሩ ሳምንት ሙሉ ሱቄ አልመጣም። አጎቴ ግን በሦስተኛው ቀን ወፍጮ ቤት መጡ፤ ወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጆንያ እንድጭን አዘዙኝ። የራሳቸውን መበጠሻ ሠርተው ነበር የመጡት። የእኔ ስድስት ድርብ አንዱ በመቶ አራት፣ ሌላው በመቶ አሥራ ሦስት ይበጠስ ነበር። እሳቸው ሲባጎውን ውሃ ነክረው፣ ወጥረው፣ አድርቀው፣ ስድስቱም ድርብ እኩል ጭነት እንዲይዝ አድርገው ይገምዳሉ። አሥር በጠስን። ሁሉም ከመቶ ሁለት እስከ መቶ ስድስት ባለው ውስጥ ተበጠሱ። በቀጣዩ ዙር ከሠሯቸው ግን በመቶ ስምንት የተበጠሰ አንድ ሲገኝ ያን ጊዜ የተሠሩትን በሙሉ እሳት ውስጥ ጣሏቸው። እኔ ልተዋቸው ነበር።

«ሁለት ኪሎ ነው እኮ፣ አጎቴ።»

«በደብተርህ ስንት ብለህ ነው የጻፍከው?»

«እስከ መቶ ስድስት።»

«እንግዲያ!»

መምህሩ ሲመጣ ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ደብተሩን ተቀብሎ አነበበና «ካንዴላው ያንተ ቦታ ነው፣ መንጠቆው የእኔ፣ መበጠሻው የእሳቸው» አለ። «ከሦስታችን አንዱ አይሆንም ካለ አይሆንም።» ይህን በራሱ እጅ ጻፈበት። ሦስታችን ፈረምን፤ አጎቴ በጣታቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። አጎቴ አንዱን መበጠሻ በጆንያ በጥሰው አሳዩኝ፤ ሌላውን አሰሩለት። ማሽኑ ጋ ሄጄ፣ መጥረቢያውን በቀኝ በኩል አስቀምጬ፣ ከመነሻው በኩል ምልክት የሚሰጠኝ ባንዲራ ሲውለበለብ ሞተሩን አስነሳሁ። መምህሩ አራት አምስት እርምጃ ሮጦ ተነሳ። ከወትሮው ከፍ አለ። ግራሯን አልፎ፣ በሦስት ዛፍ ያህል ከፍታ ላይ እያለ፣ የግራ ክንፉ ዝቅ አለ። ያስተካክለዋል ብዬ ጠበቅኩ። አላስተካከለም። ዝቅ እንዳለ መዞር ጀመረ።

እጄ ወደ ማጥፊያው ሄደ። ከመድረሱ በፊት ገመዱ ረገበ፤ ቸርኬው ባዶውን ፈጥኖ ዞረ። ቀና ስል ክንፉ ተስተካክሎ ነበር። ሰፋ አድርጎ ዞሮ፣ በታጨደው የጤፍ ማሳ ላይ በጉልበቱ አረፈ።

ሮጬ ስደርስ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ደም አለው። አጎቴ ቀድመውኝ ደርሰው የመበጠሻውን ሁለት ጫፎች እያስተያዩ ነበር።

«እጄ መንጠቆው ላይ አልደረሰም» አለ መምህሩ።  «የክንፉን መሪ በሁለቱም እጆቼ ይዤ ነበር። መልቀቅ አልቻልኩም። አንተስ ሞተሩን መቼ አጠፋኸው?»

«ገመዱ ከረገበ በኋላ» አልኩ። «አንድ ሴኮንድ ያህል ዘግይቻለሁ።»

«አንድ ሴኮንድ ብዙ ነው» አለ።

«ብዙ ነው።»

ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፤ ማጥፊያውን ከሞተሩ ጎን አንስቼ እጄ ወደሚያርፍበት ቦታ ማዛወር እንዳለብኝም ጨመርኩ። አጎቴ የመምህሩን ጉልበት በውሃ አጠቡለት። ከዚያ ገመዱን ጎትተው ወደ መነሻው ሄዱ፤ ከከረጢቱ ሌላ መበጠሻ አወጡና ክንፉን እስክንመልስ ድረስ በእጃቸው ይዘው ቆዩ።