ያለ ድምፅ የተነበበው ፈተና

ዝም የሚል ልጅ አልወድም ነበር። ገና የሃያ ዓመት አስተማሪ ሳለሁ፣ አቃቂ በሰቃ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ ባለችው ትንሽ ትምህርት ቤት፣ ዝም ያለ ልጅ ወይ ተኝቷል ወይ ተንኮል እያሰበ ነው ብዬ ነበር የማምነው። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እየጮህኩ ነው። ድምፄ ቀነስ ካለ የኔታ አለንጋቸውን ያነሡ ነበር። ስለዚህ እኔም ሳስተምር ያው ጩኸት ነው፤ ሌላ ምን አውቄ!

በዚያ ዓመት ከትምህርት ሰዓት በኋላ አራት ሴቶች ልጆችን ለአንድ የከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አዘጋጅ ነበር። ፈተናው ቋንቋና ሒሳብ ነው። የቃል ፍቺ፣ ተቃራኒ፣ አንቀጽ አንብቦ መመለስ፤ ከዚያ ደግሞ ክፍልፋይና እነዚያ ረጃጅም የሒሳብ ጥያቄዎች። ሁሉንም በጩኸት ነበር የምንሠራው። ጥያቄውን በአንድ ድምፅ ያነባሉ፣ ስሌቱን በአንድ ድምፅ ይሠራሉ፣ መልሱን በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። መንገደኛ ቆም ብሎ ሲያዳምጠን ደረቴ ይነፋ ነበር።

ከግድግዳችን ወዲያ ሱቅ የነበራቸው አንድ የጉራጌ ሰው ነበሩ። እኛ ወዲህ፣ «አንድ ጣቃ ጨርቅ አርባ ሜትር ነው፤ ለአንድ ቀሚስ ሁለት ሜትር ተኩል ቢያስፈልግ ስንት ቀሚስ ይወጣዋል?» ብለን ስንጮህ፣ ልጆቹ እርሳስ ሳያነሡ ከወዲያ «አሥራ ስድስት!» የሚል ድምፅ ይመጣል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ልጆቹ ይሥሩበት!»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ» ይላሉ። በማግስቱም ያው ነው።

ከአራቱ አንዷ በጉብዝናዋ ታስፈራኝ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቀጭን፣ ድምፀ ትልቅ። ጥያቄ ጮክ ብላ ስታነብ መልሱ ከአፏ ተከትሎ የሚወጣ ይመስላል። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ ፋብሪካው ውስጥ የሽመና መኪና ላይ ትሠራለች። እናቲቱ ገና መጀመሪያ ላይ መጥታ ነገሩን በግልጽ ነግራኝ ነበር።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። አለቃዬ ከክረምት በኋላ ለልጅሽ ክር መጠቅለያው ጋ ቦታ አለ ብሎኛል። ካለፈች ትማራለች፤ እዚያ መኝታውም ምግቡም ከትምህርት ቤቱ ነው። ካላለፈች ግን ከመስከረም ጀምሮ ከኔ ጋር ፋብሪካ ትገባለች። ብቻዬን አልቻልኩም።»

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ትፈተን ይሆናል እንዳልል፣ ትምህርት ቤቱ ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ አይቀበልም። ያለችን አንድ ቀን ብቻ ናት።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከተማ የምታስተምር ጓደኛዬ ልትጠይቀኝ መጣች። ባለፈው ዓመት ያንኑ ፈተና ስትቆጣጠር የዋለች ናት። ጩኸታችንን ገና ከመንገድ ሰምታ ኖሮ ስትገባ ጭንቅላቷን ይዛ ነው።

«እንዲህ አድርገሽ ነው የምታዘጋጂያቸው? አዳራሹ ውስጥ እኮ ትንፍሽ ያለች ልጅ ወረቀቷን ተነጥቃ ትወጣለች!»

ሳቅሁባት። ዝም ማለት ምን ትምህርት ይፈልጋል አልኳት።

በማግስቱ ሃያ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጽፌ «ዝም ብላችሁ ሥሩ» አልኳቸው። ሦስቱ ልጆች እንደ ነገሩ ሠሩ። ያቺ ጎበዟ ከሃያው ያገኘችው ሦስት ነው። ሦስት! ግልፍ አለኝ፤ ማስመሪያዬን ጠረጴዛው ላይ አጮህኩት።

«ምን ነካሽ? ይሄንኑ ትናንትና ስትሠሪው አልነበረም እንዴ?»

«ሚስ፣ ስጮህ ነው የሚገባኝ» አለች፤ እንባዋ ደብተሯ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። «እኔ ዝም ስል ፊደሉም ዝም ይላል።»

ጥፋቱ የኔ ነበር። ማንበብ ያስተማርኳት መስሎኝ መጮህ ነው ያስተማርኳት። አንዲት ልጅ በኔ የተነሣ ክር ስትጠቀልል ልትኖር ነው እያልኩ ራሴን ስረግም አመሸሁ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። አፏን በእጇ እንድትይዝ አደረግሁ፤ አፏን በመያዝ ተጠምዳ ጥያቄውን ረሳችው። መሐረብ ነክሰሽ ሥሪ አልኳት፤ መሐረቡን አኝካ ጨረሰችው። በተቆጣሁ ቁጥር ትብስበታለች፣ በባሰባት ቁጥር እኔም እቆጣለሁ። አይ እኔ! ያን ጊዜ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም ነበር።

አንድ ቀን እናቷ የቀን ፈረቃዋን ጨርሳ ከሥራ በቀጥታ መጣች። ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ሰፍሯል። ልጇ መሐረብ ነክሳ ስታለቅስ አገኘቻት። እኔም አላስቻለኝም፤ የሆነውን ሁሉ፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑንም ጭምር ዘረገፍኩላት። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ሴትዮዋ ሳቀች።

«ይሄ ነው እንዴ? እኛ እኮ ስንት ዓመት ያለ ድምፅ ስናወራ ኖረናል!»

ከዚያ ነገረችኝ። ሽመና ክፍል ውስጥ መኪኖቹ ሲነሡ ሰው የራሱን ሳል እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ሴቶቹ በከንፈር ብቻ ያወራሉ፤ ሐሜቱን፣ ሐዘኑን፣ የቤት ኪራዩን፣ ሁሉንም ከአንድ መኪና ማዶ ወደ ሌላው፣ ያለ አንዳች ድምፅ። ልጇ ፊት ቁጢጥ ብላ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። እኔ ምንም አልገባኝም። ልጅቷ ግን መሐረቡን ከአፏ አውጥታ በሳቅ ፈነዳች። ለካ በልጅነቷ ከናቷ ጋር እቤት የሚጫወቱት ጨዋታ ነበር!

«ድምፁን ጉሮሮሽ ውስጥ ተይው» አለቻት። «ከንፈርሽ ግን አይስነፍ። አሁን ያንን ጥያቄ አንብቢልኝ።»

ልጅቷ አነበበች። ትንፋሽ እንኳ አልሰማሁም። እናቷ ዓይኗን ከከንፈሯ ሳትነቅል ስትከተል ቆየችና ወደኔ ዞር አለች፤ «ባቡሩ ስንት ሰዓት ይደርሳል ነው አይደል የሚለው?»

ይቺ ሴት ሀ እና ለን አትለይም። ደመወዟን የምትቀበለው በጣት አሻራ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረቃዋ በፈቀደ ቁጥር ትመጣለች። እናትና ልጅ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ከንፈር ታያለች። ክፍሉ ጭጭ ይላል። ባለሱቁ እንኳ ጨንቋቸው «ልጄ፣ ደህና ናችሁ?» ብለው በመስኮት ብቅ አሉ። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ልጅቷ ከሃያው አሥራ ስምንት አገኘች። እሰይ ብዬ ልጮህ ስል አፌን ያዝኩት።

የፈተናው ዕለት እናቷ ፈረቃዋን ከጓደኛዋ ጋር ተቀያይራ መጣች፤ በሳሪስ በኩል በአውቶቡስ ከተማ ገባን። ልጆቹ አዳራሽ ገቡ፣ እኛ ግቢው ውስጥ ቀረን። እኔ በመስኮቱ መስታወት አጮልቄ አያለሁ፤ ማን ሊከለክለኝ!

ፈተናው እንደተጀመረ የልጅቷ ከንፈር ሥራውን ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ አንድ መነጽር ያደረጉ ፈታኝ አዩዋት። መጡ፣ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። ድምፅ የለም። ቢሆንም አልተዋጠላቸውም፤ ለጎረቤቷ የምትነግራት መስሏቸው ይሆናል፣ እጃቸውን ሰድደው ወረቀቷን አነሡት። ከዚያ በዓይናቸው ተከተይኝ አሏትና ለብቻው ያለ፣ መስኮቱ ሥር ያለ ወንበር ላይ አስቀምጠው ወረቀቷን መለሱላት።

ልጅቷ ግን ደንግጣለች። ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ዘግታዋለች። ጊዜው ይሄዳል፣ እርሳሷ አይንቀሳቀስም። በቃ፣ አለቀላት አልኩ።

እናቷ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

«ተዉ! ካዩዎት ያባርሯታል!» ብዬ ነጠላዋን ያዝኩ።

አልሰማችኝም። ልጅቷ ቀና ስትል በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ። እናቲቱ ከንፈሯን አንድ ጊዜ፣ አጭር፣ አንቀሳቀሰች። ከዚያ የልጅቷ ከንፈር ተላቀቀ፤ እርሳሷም ተነሣ። እናቷ ደወል እስኪደወል ከዚያ መስኮት ንቅንቅ አላለችም። ፈታኙ አንድ ሁለቴ ወደ ውጭ ቢያዩም የሚያዩት ዝም ብላ የቆመች እናት ነው፤ እሷ ከዚያ በኋላ ከንፈሯን አላነቃነቀችም።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ልጅቷ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እናቷን ምን እንዳለቻት ጠየቅኋት።

«‹እዚህ ነኝ፤ አንብቢልኝ› አልኳት።»

አነበበችላት ወይ ብዬ ልጠይቅ ስል እሷ ቀደመችኝ። «ሒሳቡ ደህና ነው። የጋኑ ጥያቄ ግን አልጣመኝም። ከላይ ውሃ እየሞሉበት ከታች የሚያፈስ ጋን! ሰው መጀመሪያ ቀዳዳውን አይደፍንም?» አለች። ከዚያም ፈተናውን ከአንድ ጀምራ ትነግረኝ ጀመር፤ ሳሪስ እስክንደርስ አልጨረሰችም።

ያለፉት ልጆች ስም የተለጠፈው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ አሁንም ያካፋል። ሰሌዳው ፊት ሰው በሰው ላይ ነው። ልጅቷ በሰዎቹ ክንድ ሥር ሾልካ ገባች፣ እኛ በሩ ጋ ቀረን። እናቷ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። እኔ በበኩሌ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደባልቄ እያልኩ ነበር።

በመጨረሻ ልጅቷ ከሰሌዳው ዞረች። በሰው ጭንቅላት መሐል ፊቷ ብቻ ይታያል። ድምፅ አላወጣችም። ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች፤ ያን ጊዜ እኔም ትንሽ ለምጄ ነበርና ገባኝ። «አለሁ» ነው ያለችው።

እናቷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ነጠላውን አወረደችና፣ ያ ሁሉ ዓመት መኪና መሐል ታፍኖ የኖረ በሚመስል ድምፅ፣

«ጮክ በይ! አሁንማ ጮክ ብለሽ ተናገሪው!» አለች።

«እማዬ፣ አለሁ! ስሜ አለ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ዘበኛውም ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። እኔም አብሬያቸው እየጮህኩ ስለነበር ማንም አልመለሰለትም።