ከግድግዳው ማዶ ስሜ ሲጠራ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ለራሴም እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባኝም። ግራ እንደገባኝ ነው የማወራው፤ እንደዚያው ስሙኝ። ስሙ ይባረክ!

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በካራቴ ነው። እዚህ ላሊበላ ልጆቻችሁን ሳስተምር አረጀሁ። በደርግ ጊዜ ግን ጎልማሳ ነበርኩ። አዲስ አበባ ለሥራ ሄጄ የተማርኩትን ይዤ ስመጣ፣ ቀበሌው "ወጣቱን አሰልጥንልን" ብሎ የእህል መጋዘኑን ሰጠኝ። ከሥራ መልስ የካራቴውን ጩኸት "ኪያይ!" ስንል አገር ይሰማል። መጨረሻ ላይ መፈክር አለ፤ እሱንም እንጮሃለን። እናቴ ከብልባላ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አየችንና፣ "ልጄ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?" አለችኝ።

ሥራዬን እወደው ነበር። ሚስት አላገባሁ፣ መሬት አላረስኩ፤ ያለኝ ያ መጋዘንና እነዚያ ተማሪዎች ናቸው። አንዱ እግሩን አስተካክሎ ሲቆም ሳይ የበላሁ ያህል እጠግብ ነበር።

ሰፈርተኛው በጩኸታችን ተማሯል። እትዬ ጌጤ የሚባሉ ከሙጃ አገር የመጡ ሴት ብቻ ደስ ይላቸዋል። ቤታቸው ከመጋዘኑ ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተያያዘ ነው፤ እኛ ስንሠራ እሳቸው ሴቶች ሰብስበው ጥጥ ይፈትላሉ። "ሲሳይ፣ ዛሬ ልጆቹ ድምፃቸው ሰለለ፤ በደንብ አስጩኻቸው እንጂ!" ይሉኛል። ቆሎ ሳይቀር ያመጡልናል። ኧረ ምን ዓይነት ሴት ናቸው፣ እላለሁ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ስነሳ ድምፄ የለም። ጉንፋን ነው ብዬ ጦስኝ በማር ጠጣሁ፤ ወይ ፍንክች! ደሴ ወረድኩ። ሐኪሙ ጉሮሮዬን አይቶ፣ "ይህ ድምፅ ላይመለስ ይችላል፤ ሌላ ሥራ ብትፈልግ ይሻልሃል" አለኝ። እናቴ ደግሞ ይምርሐነ ክርስቶስ ወስዳ ጸበል አስጠመቀችኝ። ጠበቅን።

በጭብጨባ ማስተማር ጀመርኩ። ልጆቹም እኔን አይተው ዝም አሉ፤ አፍረው ይሁን አዝነው እንጃ። የቀበሌው ሊቀመንበር መጣና፣ "ጓድ ሲሳይ፣ ዲዳ አሰልጣኝ ምን ያደርግልናል? እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻለህ ቁልፉን ታስረክባለህ" አለኝ። ሰማይ ተደፋብኝ ወገኖቼ!

በዚያ ዝምታ ነው እንግዲህ የሰማሁት። ግድግዳውን ተደግፌ ልጆቹን ሳይ፣ ከማዶ የሴቶች ድምፅ፦ "ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ የሲሳይን ጉሮሮ ዳስስ! ድምፁን መልስለት!"

ስሜ! የኔ ስም! ጴንጤዎች ናቸው ለካ። ቀበሌው በየስብሰባው የሚያወግዛቸው፣ ከተያዙ የሚታሰሩት። ታዲያ ከኔ ጋር ምን አላቸው? እንቅልፍ አጣሁ።

በነጋታው እትዬ ጌጤ በር ላይ ቆሜ ግድግዳውን ጠቆምኩ፤ ጉሮሮዬን ጠቆምኩ። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ግን አልዋሹኝም።

"ልጄ፣ የእናንተ ጩኸት መጋረጃችን ነበር" አሉ። "እናንተ ስትጮሁ እኛ እንዘምራለን፤ ማንም አይሰማንም። ድምፅህ ሲጠፋ መጀመሪያ የጸለይነው ለራሳችን ብለን ነው። እየቆየ ግን ላንተ ማልቀስ ጀመርን። እንዴት እንደሆነ እንጃ።"

ልናደድ? ልሳቅ? ለሰው ጩኸት የሚጸልይ አይቼ አላውቅም። ለኔ የሚያለቅስም ከእናቴ በቀር አልነበረኝም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ሊቀመንበሩ ጥበቃዎቹን አስከትሎ ቁልፉን ሊቀበል መጣ። ልጆቹ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ጸጥ ብሏል። ከማዶ ቀስ ያለ ማንጎራጎር ይሰማል። ሊቀመንበሩ ጆሮውን ቀሰረ።

"መዝሙር ነው እንዴ እሱ?" ወደኔ ዞረ። "አንተ እዚሁ ነህ፤ ሳታውቅ አትቀርም። ከየት እንደሚመጣ በእጅህ አሳየኝ፤ መጋዘኑ ያንተ ሆኖ ይቀራል።"

ልብ በሉ፣ ወንድሞችና እህቶች። ያ መጋዘን ኑሮዬ ነው። ጣቴን ብቀስር በቃ፣ ተረፍኩ። እጄ ሲነሳ አይቼዋለሁ። አፌም ተከፈተ።

"ኪያይ!"

ከሆዴ ነው የወጣው! ስንት ጊዜ ታፍነው የቆዩት ልጆች "ኪያይ!" ብለው መለሱ። የግድግዳው አቧራ ረገፈ። ሃሌ ሉያ! ሊቀመንበሩ ጆሮውን ይዞ፣ "በቃ! በቃ! ድኗል ሰውዬው!" እያለ እየሳቀ ወጣ፤ ቁልፉንም መዝሙሩንም ረሳው። ከማዶ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ ለቅሶ ሰማሁ። እንደልባቸው እንዲያለቅሱ ብለን ደግመን ጮኽንላቸው።

በማግስቱ ሴቶቹ መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰው ድንገት ቢመጣ ብለው እንዝርት አስያዙኝ። መፍተሉ አልሆነልኝም፤ ጌታን ግን የዚያን ቀን ተቀበልኩ። ክብር ለስሙ!

ሐኪሙ ኋላ ሲያየኝ "ዕረፍቱ ነው ያዳነህ" አለ። እናቴ "ጸበሉ ነው" እንዳለች አረፈች፤ አልተከራከርኳትም። ስሜ ሲጠራ የሰማሁት ግን ከዚያ ግድግዳ ማዶ ነው። አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል፦ አፌን ስከፍት ላተርፋቸው ነበር ወይስ ላስይዛቸው? ያ እጄ ወዴት ነበር የሚሄደው? እትዬ ጌጤን ከመሞታቸው በፊት ጠየቅኳቸው። "እኛስ መጀመሪያ የጸለይነው ለጩኸትህ ነበር ወይስ ላንተ? ተወው ልጄ፣ እሱ ያውቃል" አሉኝ።

እናንተም ግራ የገባችሁ ካላችሁ፣ ነገሩ እስኪጠራላችሁ አትጠብቁ። ግራ እንደገባችሁ ይዛችሁት ኑ፤ ጌታ አይመልሳችሁም። እኔ ነገ ከሥራ መልስ ልጆቹ ይጠብቁኛል። በመንገድ ስታልፉ ጩኸታችንን ከሰማችሁ፣ አሜን በሉልኝ።