ማንም ያልቀመሰው ምግብ

የእህቴ ልጅ ሰባት ወር ሲሆናት ምግብ እንቢ አለች። የጡጦ ወተቷን ግጥም አድርጋ ትጠጣለች። ማንኪያ ስታይ ግን ፊቷን ታዞራለች። በግድ ከገባላትም መልሳ አገጯ ላይ ታፈሰውና እኔን ታየኛለች። ጥፋቱ የእኔ ነው የምትል ይመስላል።

እህቴ ያረፈችው ልጇ አራት ወር ሳይሞላት ነው። ስለዚያ ልጽፍ ሞክሬ ሰረዝኩት። ስለ ልጅቷ ምግብ መፍጫ ግን መጻፍ እችላለሁ፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ። እህቴ ልጅቷን አቅፋ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስታሞቃት፣ «ምግብ ስትጀምር መፍጫዋን አንተ ትመርጥላታለህ» ብላኝ ነበር። «አንድ ጫማ ለመግዛት ፒያሳን ሦስት ጊዜ ትዞራለህ። ይሄ አመልህ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን።»

ቤታችን አዘዞ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው። የልጅቷ አባት የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ስለዚህ ልጅቷ ከእኛ ጋር ትኖራለች። የእሱ እናት ደግሞ የሚኖሩት ማክሰኝት ነው። አንድ ቅዳሜ ሊጠይቋት መጡና ገና ሲያቅፏት ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው? ይቺ ልጅ ምነው እንዲህ ቀለለች?»

«ምግብ እንቢ ብላን ነው እኮ» አለች እናቴ።

«እንግዲያው እኔ ጋ ትሂድ። ላሜ ወልዳለች፤ ጎረቤቴ ሁሉ ልጅ ያሳደገ ነው። የዛሬ ሳምንት እመለሳለሁ። ከበላች ሸጋ፣ እዚሁ ትደግ። ካልበላች አዝዬ እወስዳታለሁ።»

በቁጣ ቢናገሩ ኖሮ እንከራከር ነበር። ግን በርኅራኄ ነው የተናገሩት። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስም ክብደቷ አልጨመረም ብላን ነበር። ከሄዱ በኋላ እናቴ ልጅቷን ከጭኗ አላወርድ አለች። እኔም ያን ቀን አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ። እሷ ከሄደች በዚህ ቤት እህቴን የሚመስል ፊት አይቀርም።

ችግሩ ምግቡ ውስጥ የሚቀረው ጓል ነው ብለን ወሰንን። ቤት ያለው ብሌንደር ለእህቴ ሠርግ የተሰጠ ነው፤ ከዕቃዋ ጋር ተመልሶ መጣ። እናቴ ድንችና ካሮት ቀቅላ፣ የእንቁላል አስኳልና ትንሽ ቅቤ ጨምራ በእሱ ትፈጭላታለች። ምግቡን ወደ መስኮቱ ይዤ በብርሃን ሳየው አልፎ አልፎ ያልደቀቀ ነገር አለበት። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ማራኪ ሰፈር ካለው፣ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። የጠዋቱን ምግብ በምሳ ዕቃ ያዝኩ፤ ከየማሽኑ ጋር ላስተያየው አስቤ ነው። ፒያሳ ወጣሁ።

ባለሱቋ በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ ሻሽ የተከናነቡ ሴት ናቸው።

«የሕፃን ምግብ መፍጫ ነበር» አልኳቸው።

«ምነው፣ በዚህ ዕድሜህ ወለድክ እንዴ?»

«የእህቴ ልጅ ናት።»

«ታዲያ እሷ አትመርጥም? ወንድ ስለ ሕፃን ምግብ ምን ያውቃል?»

«የለችም።»

ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገኝም። ከባንኮኒው ኋላ ዱካ አወጡና አቀረቡልኝ። «ተቀመጥ፤ እስክትጠግብ ምረጥ» አሉ። እንደዚያ ያሉት አመሌን ስለማያውቁ ነው።

መጀመሪያ ትልቁን ብሌንደር አወረዱ። ልጅቷ ድምፅ ስለምትፈራ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ልስማው አልኩ።

«ራዲዮ ነው የምትገዛው?» አሉና አስነሱት።

አምፖል ሊገዛ በር ላይ የቆመ ሰውዬ ዘሎ ወደ ጎን ሆነ። «ባጃጅ ሱቁ ውስጥ የገባ መስሎኝ!»

ቀጥሎ በእጅ የሚያዝ፣ ድስት ውስጥ ተነክሮ የሚፈጭ ረጅም ነገር አሳዩኝ። ድምፁ ይሻላል። ደግሜ ልስማው ብዬ ዓይኔን ስጨፍን መብራት ጠፋ።

«ይኸው» አሉ ባለሱቋ፣ «አሁን ምንም ድምፅ የለውም።»

መብራት እስኪመጣ ብዬ የምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ጓሉን አሳየኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ይሄ ጓል አይባልም። ደግሞ ልጅ ጓል ሲሆንባት ያንቃታል እንጂ ማንኪያ ገና ስታይ ፊቷን አታዞርም። ጣዕሙስ?»

«አላውቅም።»

«እናትህስ?»

«ሁዳዴ ነው እኮ፤ ቅቤ አለበት።»

«አባትህ?»

«ቄስ ናቸው።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ታዲያ ይህን ምግብ ማን ቀምሶት ያውቃል?»

ልጅቷ ምግብ የጀመረችው ጾሙ በገባበት ሳምንት ነው። ያን ሁሉ ቀን አስታወስኩ። እናቴ በዓይኗ ለክታ ትሠራለች፤ እኔ አበላለሁ፤ አባቴ ይባርካሉ። ማንም አልቀመሰም።

«እስቲ እርስዎ ይቅመሱልኝ።»

«እኔም እኮ ረመዳን ላይ ነኝ።»

ሁለታችንም ወደ ባለ አምፖሉ ዞርን።

«እኔን አትዩኝ» አለ ወደ ኋላ እያፈገፈገ፤ «ቆራቢ ነኝ።»

ሦስት ጿሚዎች አንዲት የምሳ ዕቃ ከበን ቆምን። እህቴ ብትኖር ነገሩ እዚህ አይደርስም ነበር። ድስት ሳትቀምስ ማለፍ አትችልም። ልጅ ሳለች እናቴ በጾም ቀን፣ «ነይ፣ ምላስሽን አውጪ» እያለች ትመረምራት ነበር። እኔ ግን የቄስ ልጅ መሆኔን የማልረሳ ነኝ። ትንሽ አመነታሁ። ከዚያ ጣቴን ነክሬ ላስኩት።

መጀመሪያ የካሮቱ ጣፋጭነት መጣ። ከዚያ አንድ ነገር በአፍንጫዬ ወጥቶ ግንባሬን መታኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«ሰናፍጭ ነው!» አልኩ።

እናቴ ጾሙ ሊገባ ሲል ለአባቴና ለተማሪዎቻቸው የሚሆነውን ሰናፍጭ በዚያ ብሌንደር ፈጭታ ነበር። በኋላ አጥባ ለልጅቷ ለየችው፤ ቅቤ ከነካው ወዲያ ለእኛ ምግብ አልመለሰችውም። በዚህ ቤታችን ጥብቅ ነው፤ ከልጅቷ ምግብ ወደ ጾሙ ምግብ ማንኪያም ሆነ ማማሰያ አይሻገርም። ከእኛ ወደ እሷ የሚሻገር ነገር ይኖራል ብሎ ግን ያሰበ አልነበረም። ሽታውም አያስታውቅም። በሁዳዴ ቤቱ ሁሉ ሰናፍጭ ሰናፍጭ ነው የሚለው።

ባለ አምፖሉ በሳቅ በሩን ተደገፈ። እኔም ሳቅሁ። አለቀስኩም መሰለኝ፤ ሰናፍጩ ለሁለቱም ምክንያት ሆነኝ።

«ሰናፍጩን ይዞ ያስቀረው ከምላጩ ሥር ያለው ጎማ ነው» አሉ ባለሱቋ። «እኔም ድሮ በርበሬ ፈጭቼበት ዓመቱን ሙሉ ጁሱ ሲያቃጥለን ከርሟል። ቆይ።» ወንበር ላይ ወጥተው ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ካርቶን አወረዱ። ውስጡ ከታች ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ድስት መሳይ ብረት ነበር። እጀታውን ሲያዞሩት ምግቡን እየጨፈለቀ በቀዳዳው ያወርደዋል። ጎማ የለው፣ መብራት አይፈልግ። ሦስት ቦታ ተፈታትቶ፣ በፈላ ውሃ ተቀቅሎ ይጸዳል።

«ማንም አይገዛኝም ነበር፤ ሁሉም ቁልፍ ያለው ነው የሚፈልገው። ዓይንህን አትጨፍንም?»

ጨፈንኩ። ጭር፣ ጭር የሚል ለስላሳ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ገዛሁት።

ቤት ስደርስ ታሪኩን ለእናቴ ነገርኳት። «በሰናፍጭ ነው ልጄን ስቀልባት የከረምኩት?» አለች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ስጠጋት እየሳቀች ነበር። ከቀብሩ በኋላ ስትስቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ አባቴ ገባሁ። «አባ፣ ጾም ገደፍኩ።»

«ምን በላህ?»

«የልጅቷን ምግብ። በጣቴ ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ለንስሐ አባትህ ትነግራለህ» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ተከትለውኝ ወጡ።

በአዲሱ መፍጫ አዲስ ምግብ ተሠራ። ማን ይቅመስ ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አንዴ ገድፈሃል» አለች እናቴ፤ «ለዛሬ ያው ነህ።»

ቀመስኩ።

«ምን ምን ይላል?» አሉ አባቴ።

«ምንም ምንም አይልም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

ልጅቷ ግን አላመነችንም። አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። አባቴ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ ባዶውን መፍጫ ፊቷ አስቀምጠው እጀታውን ማዞር ጀመሩ። ጭር፣ ጭር። እሷም እጀታውን እያየች ቀስ በቀስ አፏ ተከፈተ። ማንኪያውን አስገባሁ። ፊቷ እስኪለወጥ ሁላችንም ጠበቅን። አልተለወጠም። ዋጠችና እንደገና አፏን ከፈተች።

ቅዳሜ አያቷ ከማክሰኝት መጡ። ማዘያቸውን አጥፈው ይዘዋል። እኔ ቀመስኩ፤ አባቴ እጀታውን አዞሩ፤ እናቴ አበላች። ልጅቷ ሳህኑን ጨርሳ ማንኪያውን ያዘች፤ አልለቅም አለች።

«ምነው፣ እንቢ አለች ያላችሁኝ ይቺን ነው?» አሉ አያቷ። የሆነውን ስንነግራቸው እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ እኔን ትኩር ብለው አዩኝ። «እናቷም ቀማሽ ነበረች። ሙሽራ ሆና የመጣች ዕለት ነው ድስቴን ከፍታ ጨው አንሶታል ያለችኝ።»

ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ልጅቷን ወስደው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ አባቴን «እስቲ ተራውን ለእኔም ይስጡኝ» ብለው እጀታውን ተቀበሉና ማዞር ጀመሩ።

ሊሄዱ ሲነሡ ማዘያውን አንሥተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ከዚህ መፍጫ አንድ ለእኔም ፈልግልኝ» አሉኝ በር ላይ። «ለፋሲካ ይዛችኋት ስትመጡ እዚያም ትበላበታለች። አንተ ደግሞ አትቅር፤ ቀማሽ ያስፈልጋታል።»