ጂሬኛና የዘይኑዲን ራውተር

ጂሬኛን የጭሮ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከእኔ ልብስ ስፌት ቤት ጎን ሬዲዮና ስልክ ሲጠግን ስንት ዓመት ግድግዳ ተጋርተናል። ጴንጤ ነው፤ መዝሙር እያንጎራጎረ ይሠራል። እኔ ሀኒፋ ደግሞ ድምፅህን ቀንስ እያልኩ እጨቀጭቀዋለሁ። እናቱንና እህቶቹን የሚያኖረው በዚያች ቀኝ እጁ ነበር። ነበር ስል አሁንም ደሜ ይፈላል።

የሞባይል ዳታ የተዘጋ ጊዜ ነው። ጫት ነጋዴው ዘይኑዲን መጋዘኑ ውስጥ የመስመር ኢንተርኔት ነበረው። ዕድሜው ለአንቱታ ይበቃል፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንተ ነው የምለው። የዕለቱ የጅግጅጋ የጫት ዋጋ የሚደርሰው በዚያ መስመር ነው። ችግሩ፣ ጫቱን ይዞ መጋዘኑ ግድግዳ ሥር የተጎለተው ሁሉ በእሱ ራውተር ቪዲዮ ያያል፤ የእሱ መልእክት የሚገባው ጫቱን የጫነው መኪና ከሄደ በኋላ ነው። ጂሬኛን ጠራው። ጂሬኛም ከፋብሪካ የመጣውን ፕሮግራም አጥፍቶ ሌላ ቢጭንበት የዘይኑዲን ስልክ ቅድሚያ እንደሚያገኝ፣ ሲጫን ግን መብራት መቋረጥ እንደሌለበት አስረዳውና ሥራውን ጀመረ። እኔም የቢሮውን መጋረጃ ልለካ እዚያው ነበርኩ።

አዲሱ ፕሮግራም ግማሽ ሳይደርስ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። እኛ አገር እንዲህ ሲሆን ቴሌቪዥንና ፍሪጅ እንዳይቃጠል ሮጦ ቆጣሪ ማጥፋት ነው፤ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የዘይኑዲን ወንድም አብዱልቃዲርም እንደ ልማዱ ተስፈንጥሮ ቆጣሪውን አወረደው። ጂሬኛ ክንዱን ሊይዝ ሲዘል አብዱልቃዲር ሊመታው የመጣ መሰለውና በቡጢ አፉን አለው።

ቆጣሪው ተመልሶ ሲበራ ራውተሩ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ቀረች። ውጭ መኪናው ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል፣ ዋጋ የለም። ዘይኑዲን አበደ። የበሩን ብረት መወርወሪያ አንስቶ የጂሬኛን ትከሻ መታው። ጂሬኛ ወድቆም ደም እየተፋ፣ አሥር ደቂቃ ስጡኝ እያለ ሊያስረዳ ይሞክራል፤ ማን ይስማው። የመጋዘኑ ጫኞች በእርግጫ ተቀባበሉት። እጁን ወደ ራውተሩ ሲዘረጋ፣ ዘይኑዲን ሊሰብርብኝ ነው ብሎ ይሁን እንጃ፣ ብረቱን ጣቶቹ ላይ አሳረፈው። አንዴም አይደል። የአጥንቱን ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ዛሬም መቀስ ስጨብጥ ይሰማኛል። የእንጨት ሜትሬን ዘይኑዲን ጭንቅላት ላይ ሰበርኩት፤ ወላሂ አልጸጸትም።

በኋላ ሽማግሌዎች ዘይኑዲንንና ወንድሙን ይዘው ጂሬኛ ቤት ገቡ። እጁ በጄሶ ታስሯል፤ ሐኪሙ ጣቶችህ ከእንግዲህ አይታጠፉም ብሎታል። ዘይኑዲን አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ብሆን ደጄን አላስረግጠውም ነበር። ጂሬኛ ግን ራውተሩን አስመጣ። አብዱልቃዲርን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ከኋላ ባለችው ቀዳዳ መርፌ አስገብተህ ተጫን፣ እንደተጫንክ ኤሌክትሪኩን ሰካ አለው። ራሱ በግራ እጁ እየተደናበረ ላፕቶፑን ነካ ነካ አደረገ። ጥቂት ቆይቶ ቀዩ መብራት ጠፋ፣ አረንጓዴዎቹ ተራ በተራ በሩ።

ዘይኑዲን ራውተሩን ያያል፣ ጄሶውን ያያል።

«ኦቦ፣ አልሞተም እኮ» አለው ጂሬኛ። «ያን ቀን ልነግርዎት የነበረው ይህንን ነው።»

ዘይኑዲን ፊቱን በፎጣው ሸፍኖ አለቀሰ። እኔ ግን አላዘንኩለትም፤ ዛሬም አላዝንለትም።