ከመጋዙ በታች

ኮልፌ፣ ማለዳ

ከቤት የወጣነው እኔና አባቴ ነን። አባቴ በወጣትነቱ ከሆለታ ወዲያ ባለ ጫካ፣ በግንድ ሰንጣቂዎች ካምፕ ይሠራ ነበር። የጉዟችን ዓላማ መጋዝ አብረውት ይስቡ ከነበሩት ከአቶ ቶሎሳ ጋር መታረቅ ነው። ሲኳረፉ እኔ አልተወለድኩም ነበር። እርቅን በትምህርት አውቀዋለሁ፤ ሲሠራ ያየሁት ግን ጥቂት ስለሆነ ብዙ አልጠበቅሁም።

ከአስኮ እስከ ሆለታ

አስኮ ላይ ታክሲ ቀይረን ቡራዩን አለፍን። ሆለታ ስንደርስ ሙዝ ገዝተን ባጃጅ ያዝን። አባቴ መንገዱን ሙሉ ስለ ካምፑ አወራኝ። ማለዳ ቂጣ በሻይ ቀምሰው፣ የመጋዙን ጥርስ በሞረድ ስለው ሥራ ይገባሉ። የጽድ ግንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ይጋደማል፤ አንዱ ከግንዱ ላይ ቆሞ፣ ሌላው ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ረጅሙን መጋዝ ይስባሉ። መጋዙ የሚከተለውን መስመር የሚያየው የላይኛው ብቻ ነው። የታችኛው ሰጋቱራ ዓይኑ እንዳይገባ አንገቱን ደፍቶ ይስባል።

«አንድ ቀን ጣውላው ጠመመ» አለኝ። «ከላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። አለቃው ፊት ግን በቶሎሳ አሳበብኩ።»

በካምፑ ልማድ፣ ያጠፋ ሰው በማግስቱ ማንም ሳያዘው ቀድሞ ጉድጓድ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ አይነሣም። አባቴ አልገባም ነበር።

ጫካው

አቶ ቶሎሳ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። እኔን አቅፈው ሳሙኝ፤ አባቴን በእጅ ብቻ ሰላም አሉት። ከዚያ ወደ ካምፑ ቦታ ወሰዱን። ከጎጆዎቹ የቀረ የለም። ጉድጓዱ ቅጠል ሞልቶት ጥልቀቱ እስከ ወገብ ብቻ ሆኗል። አባቴ ኮቱን አወለቀ።

«አባዬ፣ ጉልበትህ አይችልም።»

«ያዢልኝ» አለና በቂጡ ተንሸራቶ ገባ።

አቶ ቶሎሳ ከአፋፉ ላይ ቁልቁል አዩት።

«እህ፣ መስመሩ ከዚያ ይታይሃል?»

«ምንም አይታየኝም።»

«አሁን ገባህ?»

«ያኔም ገብቶኝ ነበር። ፈርቼ ነው።»

«ፈሪ! በል ውጣ፣ ምሳው ቀዘቀዘ።»

ማውጣቱ ከእርቁ ይበልጥ ከበደ። አንድ እጁን እኔ፣ ሌላውን አቶ ቶሎሳ ይዘን ጎተትነው። «ሳብ! ሳብ!» እያሉ ያዘዙን እሳቸው ናቸው። በሳቅ ምክንያት ሁለት ጊዜ ወደቀብን። ጨጨብሳው በእርግጥም ቀዝቅዞ ነበር፤ ከእርጎ ጋር ጨረስነው።

ኮልፌ፣ አመሻሽ

አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ መድረሳችንን ሊነግራቸው ለአቶ ቶሎሳ ደወለ፤ አሁንም እየሳቁ እየተሰዳደቡ ነው። ያ ካምፕ ላጠፋ ሰው መግቢያም መውጫም አዘጋጅቶለት ነበር። እኔ በሠራሁባቸው ተቋማት ጥፋት የሚላከከው በሌላ ሰው ላይ ነው። ዛሬ ግን የምነቅፈው ነገር አጣሁ።